የአክስቴ ሐሙስ

የብርቱካን ልጣጭ በጋለ ብረት ላይ ሲደርቅ የሚያወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ድረስ አልለቀቀኝም። ባለፈው ሰሞን ልጄ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ብርዱ ገና መግባቱ ነው፤ ልጄም እንደ ሮማ ሰው ልማድ ብርቱካኗን በልታ ልጣጩን ማሞቂያው ላይ ደርድራዋለች፣ ቤቱን ያውደው ብላ። ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩ። «ፓፓ፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ደረጃው ነው አልኳት። ለእሷ ያ ሽታ የገና ሰሞን ሽታ ነው። ለእኔ ግን አንድ ሽማግሌ ከጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ መኖሬን የሚወስን ነገር ሊጠይቁኝ ሲዘጋጁ የሸተተኝ ሽታ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ፣ የጥንቱን አንሣልኝ ካልከኝ ይህንን ነው የማነሣልህ። ደርግ በነበረ ጊዜ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አልሞላም። ሮማ ያመጣችኝ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ። እኛ እቴቴ ነው የምንላት። ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድማ መጥታ አንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር፤ ክፍሏ ከጓዳው አጠገብ ያለች፣ አልጋና አንዲት ወንበር ብቻ የምትይዝ ነበረች። እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው፤ ሮማ ውስጥ ያሉ የቤት ሠራተኞች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ። ደመወዟ በሙሉ አዲስ አበባ ላሉት ታናናሾቼ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ፖንቴ ማሞሎ አካባቢ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተዳብዬ እኖር ነበር።

የምማረው የመሬት ቅየሳ ነበር። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ተምረህ ሙያ ይዘህ የምትወጣበት፣ የሠራተኛ ልጆች የሚበዙበት ቤት ነው። የጣሊያን መንግሥት እዚያ ከምንማረው ችግረኞች ለአንዳንዶቻችን የትምህርቱን ክፍያና መጠነኛ መተዳደሪያ ይችልልን ነበር። ቦርሳ ይሉታል። እናቴ ይህን ሰምታ «ልጄን የጣሊያን መንግሥት ቦርሳ ሸለመው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ነበር፤ ማንም አላረማትም። ከቦርሳው ጋር ደግሞ አንድ ሰው ይመደብልሃል፤ ቱቶሬ ይባላል። ቱቶሬ ማለት በሙያው ሠርቶ ያረጀ፣ ተማሪውን በየሳምንቱ ቤቱ እየጠራ የሚያስጠናውና የሚመክረው፣ ፋሲካ ሳይደርስም ለመንግሥት «ይህ ልጅ ለሁለተኛው ዓመት ይለፍ» ብሎ ቃሉን የሚሰጥ ሰው ነው።

የእኔ ቱቶሬ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተውባቸው ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እሄዳለሁ። በመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ሽንቁር የሚገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ መስመር መስመር ሠርቶ ይተኛል፤ ከታች ገበያው ሲበተን ሣጥን ሲወረወርና ድንጋዩ በውሃ ሲታጠብ ይሰማል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ እርሳስ ሲይዙ ግን ቀጥ ይላል። ትዕግሥታቸው አያልቅም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማልወድላቸው፤ ስስታምነታቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ብርቱካን ልጠው «ትበላለህ?» አሉኝ። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። «ቫ ቤኔ»፣ እሺ እንግዲህ፣ ብለው ብቻቸውን በሉት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ብቻቸውን በሉት። የብርዱን ወራት ሙሉ ፊቴ ተቀምጠው ብርቱካን ሲበሉ እኔ ምራቄን እየዋጥኩ «ሽማግሌው ደግ ናቸው፤ እጃቸው ብቻ ነው የማይፈታው» እያልኩ ፈረድኩባቸው።

ቦርሳው ለእኔ የትምህርት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ የተማሪ ፔርሜሶ ነበር። ቦርሳው ከቀረ ኮሌጁን የሚከፍልልኝ የለም። ካልተመዘገብኩ ደግሞ ፖሊስ ፔርሜሶዬን አያድስም። ፔርሜሶ ከሌለ አገርህ ግባ ነው። አገሬ ውስጥ በዚያን ሰሞን ቀበሌው በየቤቱ እየዞረ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይለቅም ነበር። አጥር የምንጋራው አብሮ አደጌ ወደ ሰሜን ተወስዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ ለሕክምና ሮማ በመጣች አንዲት ጎረቤታችን አፍ «ብሞት እንኳ ለቀብሬ እንዳትመጣ» ብላ ልካብኝ ነበር። እንዲህ ያለ መልእክት ከእናት ሲመጣ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ልነግርህ አልችልም። አውቶቡስ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲገባ፣ የቲኬት ተቆጣጣሪ መሆኑን እያየሁ፣ ቲኬቱም እጄ ላይ እያለ፣ መዳፌ በላብ ይርስ ነበር።

ቱቶሬዬ ከእኔ ሌላ አንዲት ተማሪ ነበረቻቸው። ከባሕር ዳሯ ከኦስቲያ በባቡር የምትመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። በስሌት እሷ ትበልጠኛለች፣ በንድፍ እኔ እበልጣታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለታችንም ቦርሳ ነበረን። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ግን መንግሥት በጀት ቀንሷል ተባለና እያንዳንዱ ቱቶሬ አንድ ተማሪ ብቻ እንዲያሳልፍ ታዘዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷና እኔ አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጥን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሰላምታችን ብቻ ረዘመ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ቱቶሬዬ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ማሞቂያው ላይ ልጣጩ ጠርዙ እየተጠቀለለ ይደርቅ ነበር። መነጽራቸውን አስተካከሉና «ያንተን ስም ላስገባ ወስኛለሁ። ትቀበላለህ?» አሉኝ።

ልቤ እሺ አለ። መላ ሰውነቴ እሺ አለ። አፌ ግን ያደገው እናቴ ቤት ነውና ቀደመኝ። «አይ፣ እስካሁን ያደረጉልኝ ይበቃኛል። እኔን አያስቡ፤ ለእሷ ይስጧት» አልኩ።

ምን ነካህ ትለኝ ይሆናል። ምንም አልነካኝም፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። ሰው ቤት ሄደን «ብሉ» ስንባል እጃችንን የምንሰበስብ፣ እናታችን በዓይኗ የምትጠብቀን ልጆች ነበርን። የመጀመሪያው ግብዣ ከሰላምታ አያልፍም። ሁለተኛው ላይ አንገትህን ትደፋለህ። ሦስተኛው ላይ፣ ጋባዡ «በሞቴ» ሲል፣ የግድህን ትቀበላለህ። ስጦታው በገዘፈ ቁጥር እምቢታህም የዚያኑ ያህል ይጠነክራል። በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብል ቱቶሬዬ «ምን ያልተቀጣ ልጅ ነው» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ተነሥተው ጠረጴዛውን ዞሩና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ብራቮ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ሻክሮ ነበር። እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ።

ማስመሪያዬን ቀስ ብዬ ሰበሰብኩ። እርሳሶቼን አንድ በአንድ ከተትኩ። ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ፈትቼ መልሼ አሰርኩ። ይኸውልህ፣ እኛ ዘንድ ዋናው ልመና የሚደረገው በር ላይ ነው፤ እንግዳው ሊወጣ ሲል ነው ክንዱን ይዘው የሚያስቀሩት። በሩ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው በሩን ከፈቱልኝ። የደረጃው መብራት ተጭነውት ለጥቂት ጊዜ በርቶ በራሱ የሚጠፋ ዓይነት ነበር። በየፎቁ እየቆምኩ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ፤ ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ። የበሩ ሰንሰለት ሲገባ ሰማሁ። መብራቱም ቀጭ ብሎ ጠፋብኝ፤ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወረድኩ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለአክስቴ ነገርኳት። የነገርኳት ግን እንደ መልካም ወሬ አድርጌ ነው፤ ሰውየው ሊያስገቡኝ ነው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲጠይቁኝ እሺ እላለሁ ብዬ። መራመዷን አቆመች።

«ስንት ጊዜ ጠየቁህ?»

«አንዴ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጄን ጨበጡኝ።»

መንገዱ ዳር ካለው የውሃ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ወይ የኔ ልጅ» አለች፤ «እዚህ አገር እኮ አንዴ ነው።»

ከዚያ በፊት እየሳቀች የነገረችኝ ታሪክ ነበራት። ሮማ በገባች ሰሞን ሲኞራዋ ራት ላይ «ትበያለሽ?» ስትላት «አይ» ትላለች፤ ድስቱ ይከደናል። በማግስቱም እንደዚያው። በመጨረሻ ሲኞራዋ ይህች ሴት ምግብ አይስማማትም ብላ ሐኪም ጠራችላት፤ ሐኪሙም አይቶ አይቶ «ርቧት ነው» አለ። ያን እሑድ ይህንኑ ደገመችልኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አልሳቀችም። «የኔ ድስት ነበር» አለችኝ። «ያንተ ፔርሜሶህ ነው። ነገውኑ ሂድና እውነቱን ንገራቸው።»

ሰኞ ሄድኩ። የሕንጻው ዘበኛ፣ ሽማግሌው እህታቸው ዘንድ ገጠር እንደሄዱና ሐሙስ እንደሚመለሱ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች እንዴት እንደገፋኋቸው እንጃ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ የምናገረውን በጣሊያንኛ አሰናዳ ነበር። «አይ ያልኩት አዎ ማለቴ ነው።» እንዴት አድርጌ ባዞረው የውሸታም ቃል ይሆንብኛል። አንድ ጊዜማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሮ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቦታ ቀየረች። ሌላው ደግሞ ይኼ ነበር፤ ሰውየው በኔ ቸርነት ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አሁን ሄጄ ቸርነቱን መልሱልኝ ልላቸው ነው?

ማክሰኞ ክፍል ውስጥ የኦስቲያዋ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ ሌላ ሆኗል። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦዋን ለሁለት ገመሰችና ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ትበላለህ ወይ አላለችኝም። ያለ ምክንያት የማታደርገው ነገር ነው። ዳቦው ውስጥ ዓሣ ነበረበት። ሰምታለች ማለት ነው አልኩ በልቤ፣ ሰውየው ነግረዋታል። ከዚያ በኋላ መምህሩ የተናገሩት አንድም ነገር ጆሮዬ አልገባም።

ረቡዕ ለአክስቴ ስደውልላት «እኔም እመጣለሁ» አለችኝ። ሐሙስ ከሰዓት ገበያው ጥግ ተገናኘን። ሲኞራዋ የሰጠቻትን ግራጫ ካፖርት ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋለች። ጠዋቱን ሙሉ ቆማ ስትተኩስ ስለዋለች እግሯ አብጧል። አራቱን ፎቅ ስንወጣ በየደረጃው መዞሪያ ቆም እያለች ተነፈሰች፤ እኔ ግን ፍጠኚልኝ፣ ሌላ ቦታ ሳይሄዱ ፍጠኚልኝ እያልኩ በሆዴ እጣደፍ ነበር።

ቱቶሬዬ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። አክስቴን በአክብሮት አስገቧትና ወንበር አሳዩአት። «ይቀመጡ፣ ሲኞራ።»

«ግድ የለም፤ ቆሜ እሆናለሁ» አለች አክስቴ።

«ቫ ቤኔ» አሉና እሳቸው ተቀመጡ። አክስቴ ቆማ እኔ ልቀመጥ አልችልምና እኔም ቆምኩ። እሳቸው ስለ እኔ ማውራት ጀመሩ። ምን ያህል ቸር ልጅ እንዳሳደጋችሁ፣ እንዲህ ያለ ወጣት አይቼ አላውቅም፣ ለእህቴም ነገርኳት፣ እንዲህ እንዲያ። እያንዳንዱ ምስጋና ሲወጣ እኔ ወለሉ ውስጥ እገባ ነበር። አክስቴ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሯ ላይ ክብደቷን እያዛወረች አደመጠቻቸው። ጣሊያንኛዋ የጓዳ ጣሊያንኛ ነው፤ ግሱን እንዳገኘች ትጥለዋለች፤ ግን ሰው ያልገባው ጊዜ የለም።

«ኢንጄኜሬ» አለቻቸው በመጨረሻ በመሐንዲስነት ማዕረጋቸው ጠርታ፤ «እግሬን በጣም ያመኛል።»

ደነገጡ። «ታዲያ ለምን ይቆማሉ? ይቀመጡ ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ብለውኛል። አንዴ» አለች። «እኛ ዘንድ አንዴ ተብሎ የሚቀመጥ የለም። አንዴ ሲሉን አይ እንላለን። ሁለተኛ ሲሉንም አይ እንላለን። ሦስተኛ ሲሉን እንቀመጣለን። ይሄም ልጅ ያደገው እንደዚያ ነው።»

ከታች አንድ ሰው ሣጥን ሲጎትት ይሰማል። ቱቶሬዬ መጀመሪያ እግሯን አዩ። ቀጥሎ ወንበሩን። ቀጥሎ እኔን። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ተነሡና ወንበሩን በእጃቸው ስበው አመጡላት።

«ይቀመጡ።»

«አይ፣ ግድ የለም።»

«እባክዎ፣ ይቀመጡ።»

«አይቸገሩ።»

«እለምንዎታለሁ፣ ሲኞራ።»

ተቀመጠች። ሁለቱም ፈገግ አሉ። አክስቴ ይህን አስባበት መጥታ ይሁን እዚያው የመጣላት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብጠይቃትም «እግሬን አሞኝ ነዋ» ነው የምትለኝ።

የቱቶሬዬ ፈገግታ ግን ብዙ አልቆየም። እሑድ ዕለት ለኦስቲያዋ ልጅ ደውለው እንደነገሯት ገለጹልን። ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ገና ከቤታቸው አልወጣም፤ ነገ ጠዋት ነው ለመንግሥት የሚያስገቡት። «እቀይረዋለሁ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አለመጠየቄ ነው። ለልጅቷ እኔው እነግራታለሁ።»

ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። የእናቴን ፊት አየሁ፤ ቀበሌው፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም ከላዬ ላይ ወረደ። አክስቴ ግን ገና ከወንበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

«ልጅቷ ሰምታለች?» አለች።

«ሰምታለች።»

«እናት አባቷስ?»

«አባቷ ብቻ ነው ያለው። ባሕር ላይ ተጎድቶ ቤት የዋለ ሰው ነው። ስልኩን እሱ ነበር ያነሣው» አሉ። «አለቀሰ።»

አክስቴ ጭኗ ላይ ያረፉትን እጆቿን አየች። ከዚያ «አሎራ፣ እንግዲያው ይቅር» አለች።

የሰማሁት አልመሰለኝም። «እቴቴ» አልኳት በአማርኛ። ዞር ብላም አላየችኝ። «ዝም በል» አለችኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ መሐል አይገባምና ዝም አልኩ፤ ሕይወቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ከወዲያ ወዲህ ስትገፋ አፌን ዘግቼ አየኋት።

ቱቶሬዬ ትምህርቱ ገና ትኩስ ነበርና የደንቡ እምቢታ ነው ብለው አሰቡ። ወደፊት ዘንበል ብለው እየሣቁ «እባክዎ፣ ልቀይረው» አሏት።

«አይሆንም።»

«እለምንዎታለሁ።»

በልቤ ጸለይኩ። ሦስተኛው ይሄ ነው፤ አሁን እሺ ትላለች አልኩ።

«ኢንጄኜሬ» አለች አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፤ «ይሄኛው እውነተኛው ነው። ልጅቷ ሳትሰማ ቢሆን ኖሮ ራሴ ነበርኩ ይቀይሩልኝ የምልዎት። ሰውየው ካለቀሰ በኋላ ግን አልወስድበትም።»

ስንመለስ ትራም ውስጥ ከእሷ ርቄ ቆምኩ። ጠላኋት። ይህን ስልህ አላፍርም፤ በዚያች ሰዓት ከደርግ ይልቅ እሷን ጠልቻት ነበር። ለማታውቃት ልጅ፣ ለማታውቀው ዓሣ አጥማጅ፣ የእህቷን ልጅ አሳልፋ ሰጠች። ቀርቤያት «እናቴ ብትሆን ይህን አታደርግም ነበር» አልኳት።

«እናትህ ብትሆንማ አንዴ የተሰጠ አይመለስም ብላ ገና ከበሩ ነበር የምትመለስ» አለች። እውነቷን ነበር። ከዚያ መስኮቱን እያየች «ሐሙሴ አለ» አለችኝ።

አልገባኝም።

«የሲኞራዬ እህት ሐሙስ ከሰዓት እየመጣሽ ተኩሺልኝ ካለችኝ ቆይታለች። እምቢ እያልኳት ነበር። ለኮሌጅህ ይበቃል። ሌላውን አንተ በበጋ ኦስቲያ ባሕር ዳር ሥራ አታጣም።»

«አይሆንም፣ እቴቴ።»

«ማን ጠየቀህ? እየነገርኩህ እኮ ነው።»

እንደተናገረችውም ሆነ። በስሜ ቦርሳ ሳይኖር ለሁለተኛው ዓመት ተመዘገብኩ፤ ፔርሜሶዬም ታደሰ። ማኅተሙ ሲያርፍበት መስኮቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ፖሊሱ ውሃ ትፈልጋለህ ወይ አለኝ፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ተቀበልኩት። ቅዳሜዬ ያበቃ መስሎኝ ቀርቼ ነበር። ቱቶሬዬ ኮሌጅ ድረስ ሰው ልከው «ለምን አልመጣህም?» አሉኝ። መንግሥት ስለ እኔ የሚጠይቃቸው ነገር አልነበረም፤ እስክመረቅ ድረስ ግን አስጠኑኝ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቁኝ ጀመር፣ መስኮት ልክፈትልህ ወይ የሚለውን ሳይቀር። እኔ በመጀመሪያው እሺ ማለት ለምጄ ነበር፤ እሳቸው ግን አያምኑኝም።

የኦስቲያዋ ልጅ እኔ በፈቃዴ የተውኩላት ነው የሚመስላት። በበጋው ባሕር ዳር ጃንጥላና ወንበር ስሸከም አባቷ እያነከሰ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። አላስተባበልኩም። ለእሷ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳት?

ሐሙስ ምን እንደነበረ ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ያገራችን ሴቶች ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች መናፈሻ ይሰበሰቡ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቋንቋ «አዎ ሲኞራ» ሲሉ የዋሉ ሴቶች እዚያ ይሳሳቃሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ካገር የመጣ ወሬ ይከፋፈላሉ። አክስቴ ወፍራም፣ ከትከሻዋ የሚወርድ ጠጉር ነበራት። አንዲት ጓደኛዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አክስቴ ደግሞ ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፋ ራሷን ጓደኛዋ ጉልበት መሐል ታስደግፍና፣ ጓደኛዋ ሹሩባ ትሠራላታለች። አንዳንዴ አክስቴን እዚያው እንቅልፍ ይወስዳት ነበር አሉኝ። በሳምንት ውስጥ የሰው እጅ የሚነካት በዚያች ሰዓት ብቻ ነበር። ይህን የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት፤ አክስቴ ራሷ አንስታልኝ አታውቅም።

ልመረቅ ጥቂት ሲቀረኝ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ነፋስ መጣና ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈው። ጠጉሯ የለም። እንደ ወንድ ልጅ ተቆርጧል፤ የተቆረጠውም በመስታወት ፊት በገዛ እጇ መሆኑ ያስታውቃል፤ እዚህ ረዝሟል፣ እዚያ ተላጭቷል።

«እቴቴ፣ ጠጉርሽስ?» አልኳት።

«ማን ይሥራልኝ ብለህ ነው?» አለችኝ ነጠላዋን እየመለሰች። «ደግሞም ይሞቅ ነበር።»

ሥራ እንዳገኘሁ ሐሙሷን መለስኩላት። ጓደኛዋም እዚያችው መናፈሻ ጠበቀቻት። ጠጉሯን እንደገና አሳደገችው፤ ሹሩባ ለመሠራት የሚበቃ ሆኖ ሲረዝም ግን ነጭ ነበር።